ስማርት ፎርቱ በቶሮንቶ በረዶ፦ ሁለት ሰው የምትይዘው መኪና እስከ ምን ድረስ ትችላለች?

በቶሮንቶ ያገለገለች ትንሽ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከወዳጅ ዘመድ መጀመሪያ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ አንድ ነው፤ መኪናዋ ቀላል ስለሆነች በረዶ ላይ መቆም አትችልም የሚል። የስማርት ፎርቱ ነገር ሲነሳ ይህ ማስጠንቀቂያ ይበረታል። ርዝመቷ ከ2.7 ሜትር የማይበልጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ሞተሯ ከኋላ ተቀምጦ የኋላ ጎማዎቿን የሚያሽከረክር መኪና የካናዳን የበረዶ ወራት ትወጣለች ብሎ ማመን ለብዙዎች ይከብዳል። ይህችን መኪና በዚህ ከተማ በበረዶ ጊዜም ስነዳት ኖሬአለሁ፤ ከዚህ የተነሣ የማምነው የምትፈራባቸው ነገሮች በአብዛኛው እንደሚባለው አለመሆናቸውን፣ በእውነት ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡት ግን እምብዛም አለመነገራቸውን ነው። ይህ ግምገማ የተጻፈው እነዚያን ሁለቱን ለይቶ ለማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምገመግማት በካናዳ ከ2008 እስከ 2015 ሞዴል የተሸጠችውን ሁለተኛዋን ትውልድ ነው፤ ዛሬ ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ገበያ ላይ በብዛት የምትገኘው እሷ ናት። 999 ሲሲ ባለሦስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አላት፤ ጉልበቱ 70 የፈረስ ጉልበት ነው። ካምቢዮዋ ባለ5 ማርሽ ሲሆን የፍሪሲዮን መርገጫ የለውም፤ ሆኖም እንደ ሌሎች አውቶማቲክ መኪኖች ሳይሆን ውስጡ የተለመደው የማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን የሚያንቀሳቅሱት በኮምፒውተር የሚታዘዙ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። ክብደቷ 820 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ደግሞ 1.87 ሜትር ያህል ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ፍሬንና መኪናዋ ስትንሸራተት ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ የሚያስተካክላት የመረጋጋት መቆጣጠሪያ በሁሉም ላይ አብሮ የመጣ ነው።

የክብደቱን ጉዳይ አስቀድሜ ላንሳ። ከባድ መኪና መንገዱን የበለጠ ይጫናል፤ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ስለሚጨምር አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። በአንድ ዓይነት ጎማና በእኩል ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት መኪኖች፣ አንዷ 820 ኪሎ ግራም ሌላው ሁለት ቶን ቢመዝኑ፣ በረጋ በረዶ ላይ ፍሬን ሲይዙ የሚቆሙበት ርቀት ተቀራራቢ ነው። ልዩነት የሚያመጡት የጎማው ላስቲክና ጥርስ፣ የመንገዱ ሁኔታና የነጂው ፍጥነት ናቸው። በአራቱም ጎማ መነዳትም ከቆሙበት ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል እንጂ ለማቆም አንዳች አይጨምርም፤ ከከባድ የበረዶ ቀን በኋላ በሀይዌይ 401 ዳርቻ ቦይ ውስጥ ገብተው ከሚታዩት መካከል ትልልቆቹ መኪኖች የማይጠፉት ለዚህ ነው።

እንዲያውም ከቆመችበት ለመነሳት ስማርት በፊት ጎማ ከሚነዱት ትንንሽ መኪኖች አታንስም። ሞተሩና ካምቢዮው ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር፣ ከኋላ ጎማዎቹ ዘንድ ስለተቀመጡ ከጠቅላላ ክብደቷ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በሚገፏት ጎማዎች ላይ ነው። ዳገት ላይ ስትነሳ ደግሞ ክብደቱ ይበልጥ ወደ ኋላ ያደላል፤ ስለዚህ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና በዚያው ዳገት ላይ ፊቱ ስለሚቀልበት ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል። ከዴቨንፖርት መንገድ ወደ ሴንት ክሌር የሚያወጡትን ዳገቶች አዲስ በረዶ ወርዶባቸው ሳለ የነዳ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ለፒክአፕ መኪኖች የሚመከረውን የአሸዋ ከረጢት ከኋላ የመጫን ልማድ ግን ለስማርት የሚያዝዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ይህ ምክር ለእሷ አይሠራም። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ነው፤ ስማርት ግን ከኋላ በቂ ጭነት አላት፤ ከዚያ በላይ መጨመር ቀድሞውኑ ቀላል የሆነውን ፊቷን ይበልጥ አቅልሎ መሪው እንዳይታዘዝ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ግን ትክክለኛ የበረዶ ጎማ ከሌለ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህች መኪና አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ስለ ጎማዋ ነው። የሞቃት ወራት ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መጠንከር ይጀምራል፤ የበረዶ ጎማ ላስቲክ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ የተሠራ ስለሆነ በረዶ ባይኖር እንኳን በቀዝቃዛ አስፋልት ላይ የተሻለ ይይዛል። የሚገዛው ጎማ ጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተቀረጸበት ምልክት ሊኖረው ይገባል። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን የሚያመለክቱት የጥርሱን ቅርጽ ነው፤ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ማለፉን የሚመሰክረው የተራራው ምልክት ነው።

የስማርት ጎማ ጠባብ መሆኑ ደግሞ ጥቅም አለው። የፊቱ 155/60 አር 15፣ የኋላው 175/55 አር 15 ነው። ጠባብ ጎማ በላቆጠ በረዶና በውሃ ላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ እየሰነጠቀ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ በቶሮንቶ ደግሞ ጨው ከተበተነ በኋላ ለብዙ ሰዓት መንገዱን የሚሸፍነው ይኸው የላቆጠ በረዶ ነው። ሰፊ ጎማ ያለው መኪና በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መስመር ሲቀይር ወደ ጎን ሲንሳፈፍ የሚሰማውን ስሜት በስማርት ውስጥ የሚያገኙት በጣም ጥቂት ነው።

ችግሩ ያለው ጎማውን በማግኘት ላይ ነው። እነዚህ ልኮች በሰሜን አሜሪካ ሌላ መኪና ላይ እምብዛም ስለማይገኙ አብዛኞቹ ጎማ ቤቶች በመደርደሪያቸው ላይ አያስቀምጧቸውም። ኮንቲኔንታል ቲ.ኤስ. 800 የተባለውን የበረዶ ጎማ በሁለቱም ልክ ሠርቶታል፤ ስማርት ነጂዎችም ለዓመታት ሲተማመኑበት የኖሩት በእሱ ነው። የምመክረው ጎማውን በመስከረም ወይም በጥቅምት ማዘዝ ነው፤ የመጀመሪያው በረዶ ከወረደ በኋላ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ጎማ ቤት ሲሰለፍ ለሲቪክና ለኮሮላ የሚሆን ይገኛል፣ ለስማርት የሚሆን ግን የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። የፊቱና የኋላው ልክ የተለያየ በመሆኑም እንደ ሌላ መኪና የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ እኩል እንዲያልቅ ማድረግ አይቻልም፤ የሚገፋው የኋላው ጎማ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ የጥርሱን ጥልቀት በየዓመቱ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። አራቱም ጎማ የበረዶ መሆን አለበት። የሚገፉት የኋላዎቹ ናቸው ብሎ ሁለቱን ብቻ የቀየረ ሰው መነሳት የምትችል፣ መታጠፍና መቆም ግን የማትችል መኪና ይዞ ይወጣል። በርካሽ የቆርቆሮ ቸርኬ ላይ ተገጥሞ የተቀመጠ ሁለተኛ የጎማ ስብስብ መያዝም በየወቅቱ ከቸርኬ ላይ የማውጣትና የመግጠም ወጪን ይቀንሳል።

ሕጉም ቢሆን መታወቅ አለበት። ኩቤክ ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ድረስ የተራራው ምልክት ያለበት የበረዶ ጎማ በአራቱም እግር መግጠም ግዴታ ነው፤ የጣሰ ከ200 እስከ 300 ዶላር ይቀጣል። በኦንታሪዮ ግዴታ የለም፤ ሆኖም ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅቶች የበረዶ ጎማ ለሚገጥም ደንበኛ ቅናሽ እንዲሰጡ ይገደዳሉ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ቅናሽ ሳይጠይቁ ዓመታት ያልፋሉ፤ ድርጅቱ ራሱ ካልጠየቁት ላያነሳው ስለሚችል ደረሰኙን ይዞ መደወል ተገቢ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ድካሟ ልምጣ። የመጀመሪያው የበረዶው ጥልቀት ነው። መኪናዋ ከመሬት ብዙም ከፍ ያለች አይደለችም፤ ከአንድ ጋት የሚያልፍ አዲስ በረዶ ሲሆን ሆዷ በረዶውን መግፋት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ትቀመጥበታለች፤ ጎማዎቹም ክብደት ስለሚያጡ በአየር ላይ እንዳሉ ይሽከረከራሉ። ጃንዋሪ 17 ቀን 2022 በአንዳንድ የቶሮንቶ ክፍሎች 55 ሳንቲ ሜትር በረዶ በወረደበት ቀን ስማርትን ከቤት ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም፤ እንዲህ ባለው ቀን በጣም ትልልቅ መኪኖችም በየመንገዱ ቀርተዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቀን ይልቅ የዘወትር ፈተና የሚሆነው በረዶ ጠራጊው መኪና ካለፈ በኋላ በቤት መግቢያና በቆመ መኪና ጎን ትቶት የሚሄደው ክምር ነው። ይህ ክምር ዝቅተኛ ቢመስልም የተጠቀጠቀና ከባድ ነው፤ ረጅም መኪና በጉልበት ደርምሶት ሊያልፍ ይችላል፤ ስማርት ግን በሆዷ ትንጠለጠልበታለች። አካፋ ሳይዙ መውጣት የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ለ2.7 ሜትር መኪና የሚዛቀው በረዶ ለሌላው ከሚዛቀው በብዙ ያንሳል፤ መንገድ ዳር በሁለት የበረዶ ክምር መካከል ማንም የማይገባበት ክፍት ቦታም ለእሷ ይበቃታል። ከተያዘችም ሁለት ሰው ገፍቶ ያወጣታል።

የመረጋጋት መቆጣጠሪያው የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው። በመንገድ ላይ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። መኪናዋ በጥልቅ በረዶ ስትያዝና ለመውጣት ጎማውን ትንሽ ማሽከርከር ሲያስፈልግ ኮምፒውተሩ መንሸራተት ያያል፤ ወዲያውም የሞተሩን ጉልበት ይቆርጣል። ነጂው ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ሞተሩ እየደከመ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ነዳጅ አብዝቶ መርገጥ ሳይሆን የኋላ ማርሽና የፊት ማርሽ እያፈራረቁ በቀስታ ማወዛወዝ፣ ካልሆነም ወርዶ ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዷ ሥር ያለውን በረዶ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ድካም ከስፋቷ ይመጣል፤ ሰዎች ስለ ርዝመቷ ብዙ ሲያወሩ ይህን የሚያነሳ አላጋጠመኝም። በረዶ በወረደ መንገድ ላይ ቀድመው ያለፉ መኪኖች በጎማቸው ሁለት ቦይ ይከፍታሉ፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ጎማዎቹን በእነዚያ ቦዮች ውስጥ አስገብቶ ይሄዳል። የስማርት የግራና የቀኝ ጎማዎች የሚራራቁት ከሌሎቹ መኪኖች ባነሰ መጠን ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከቦዩ ውስጥ አይገቡም፤ አንዱ በቦዩ ሲሄድ ሌላው መሐል ባለው ጉብታ ላይ ይወጣል። በዚህ ላይ የፊት ጎማዎቿ ከኋላዎቹ በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጥ ተቀራርበው ስለተተከሉ አራቱ ጎማዎች የየራሳቸውን መስመር ይይዛሉ። ነጂው መሪው በእጁ ውስጥ ወደዚህና ወደዚያ ሲጎተት ይሰማዋል። አደገኛ አይደለም፤ ግን ያደክማል፤ መሪውን አጥብቆ ከመታገል ይልቅ በሁለት እጅ ላላ አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ ይበልጣል። እንደ ኩዊን፣ ኪንግና ስፓዳይና ባሉት መንገዶች ላይ የስትሪትካር ሐዲድ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የረጠበና የቀዘቀዘ ብረት ላይ ጠባብ ጎማ ሲወጣ መያዣ ስለሚያጣ ሐዲዱን በጎን ታክኮ ከመሄድ ሰበር አድርጎ በአንድ ጊዜ መሻገር ይገባል።

መታጠፊያ ላይ የምታሳየው ጠባይ ከኋላ ጎማ ከሚነዳ መኪና ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም። ብዙዎች ኋላዋ ተንሸራቶ ትዞራለች ብለው ይሰጋሉ። ሠሪዎቹ ግን ይህንኑ ፈርተው የፊት ጎማዎቿን ከኋላዎቹ አጥብበው፣ የመረጋጋት መቆጣጠሪያውንም ቶሎ እንዲደርስ አድርገው ስለሠሯት በበረዶ ላይ በፍጥነት ወደ መታጠፊያ ስትገባ የምታደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መሪው ቢጠመዘዝም ፊቷ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ይህ ጥንቃቄ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዋ ስማርት በ1998 ለገበያ የወጣችው ከታቀደላት ጊዜ ዘግይታ ነበር፤ ምክንያቱም የመርሴዲስ ኤ ክላስ በ1997 በስዊድን በተደረገ ድንገተኛ የመሪ ማዞር ፈተና ከተገለበጠ በኋላ የስማርትም መረጋጋት እንደገና መስተካከል ስላስፈለገው ነው። ለነጂው የሚሆነው ምክር ቀላል ነው፤ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት በቀጥታው መንገድ ላይ ጨርሶ፣ ከዚያ መሪውን በቀስታ አዙሮ መግባት። ፊቷ አልታዘዝ ካለ መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ ነገሩን ያብሳል፤ ነዳጁን ለቅቆ መሪውን ጥቂት መመለስ ጎማው እንደገና እንዲይዝ ያደርጋል። አዲስ አበባ ላይ ቪትዝ ሲነዳ ኖሮ ወደዚህ የመጣ ሰው እንኳን የፊት ጎማ መኪና ልማዱን ብዙ ሳይለውጥ ሊለምዳት ይችላል።

ካምቢዮው ግን መልመድ ይጠይቃል። በአውቶማቲክ አሠራር ሲነዳ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ማርሹን ራሱ ወደ ታች ይለውጣል፤ በደረቅ መንገድ ላይ ይህ ትንሽ መንገጫገጭ ብቻ ነው፤ በረጋ በረዶ ላይ፣ በተለይም ቁልቁለት ሲሆን፣ ድንገተኛው የሞተር መያዝ የኋላ ጎማዎቹን ለቅጽበት ሊያንሸራትታቸው ይችላል። በዚህ ጊዜ በእጅ መቀየሪያውን ተጠቅሞ ማርሹን ራስ መምረጥ፣ በከፍተኛ ማርሽም በዝቅተኛ የሞተር ዙር መሄድ መኪናዋን ገራም ያደርጋታል። ለብዙ ሰው የማይመች ነው የሚባለው ይህ ካምቢዮ በበረዶ ላይ የነጂውን ፈቃድ መጠበቁን እወድለታለሁ።

ሀይዌይ ላይ ፍርዴ ይጠነክራል። በጸዳ መንገድ ላይ በ401 በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሄድ ትችላለች፤ ነገር ግን ቁመቷ ረጅም፣ ወርዷ አጭር ስለሆነ የጎን ነፋስ ይገፋታል፤ ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚነሳው ነፋስ ጋርዲነር በተባለው ፈጣን መንገድ ላይ ሲመታት ወይም ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፋት በመስመሯ ውስጥ ትዛወራለች። መንገዱ በረዶ ከያዘ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው አጭር ርቀት ለነጂው የሚሰጠው የማረሚያ ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው መኪና ነው። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚደግፉት የሀይዌይ ደህንነት ተቋም በ2008 መኪናዋን ከፊትና ከጎን ፈትኖ ጥሩ የሚለውን ከፍተኛውን ደረጃ ሰጥቷታል፤ የብረት አጽሟ በእውነት ጠንካራ ነው። በ2009 ግን ይኸው ተቋም ሁለቱም መኪኖች በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከመርሴዲስ ሲ ክላስ ጋር ፊት ለፊት ሲያጋጫት ከመሬት ተነስታ ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ ተሽከርክራለች፤ ውጤቱም ደካማ ተብሏል። በዚያው ፈተና ሆንዳ ፊትና ቶዮታ ያሪስም ከትልልቆቹ ጋር ተጋጭተው ደካማ ነው የተባሉት። ክብደት ለማቆም ባይጠቅምም ሲጋጩ ግን ይለያል። ሌሎች ነጂዎች መቆጣጠር በሚያቅታቸው ቀን እንዲህ ባለች መኪና በፈጣን መንገድ ላይ መገኘት ተገቢ አይደለም፤ በበረዶ ቀን ከሀይዌይ ይልቅ የከተማውን መንገድ፣ ከዚያም በላይ የምድር ባቡሩን እመርጣለሁ፤ ሌላውም እንዲሁ ቢያደርግ እወዳለሁ።

የውስጧ ምቾት መጠነኛ ነው። ትንሽ ሞተር ትንሽ ሙቀት ነው የሚሰጠው፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነም የሚሞቀው ውሃ በቧንቧ እስከ ፊት ድረስ መጓዝ አለበት። በአጭር ጉዞ ሙቀቱ ሳይደርስ ይደርሳሉ። ከሞቀ በኋላ ግን ጋቢናው ጠባብ በመሆኑ በፍጥነት ይሞቃል። መስታወቱ በሁለት ሰው ትንፋሽና በረጠበ ጫማ በቀላሉ ጉም ይይዛል፤ ማሞቂያውን ከኤሲው ጋር አብሮ መክፈት አየሩን ያደርቀዋል፤ የሚሞቅ ወንበር የተገጠመላትን ማግኘትም ለበረዶ ወራት ጥሩ ዋጋ አለው። ባትሪዋ ከፊት ኮፈን ሥር ሳይሆን ከተሳፋሪው እግር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች ነው ያለው፤ በብርድ ቀን ጎረቤት ገመድ ይዞ ለመርዳት ሲመጣ ይህን የማያውቅ ሰው ሲፈልግ ይውላል። በጫማ የሚገባው በረዶ ቀልጦ ወደዚያ ስለሚወርድም ጠርዙ ከፍ ያለ የላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍ ግድ ነው። ስኮርታ ጎማ የላትም፤ ስለዚህ የመንገድ ዳር እርዳታ አገልግሎት መያዝ ለእሷ ቅንጦት አይደለም።

ጨውን በሚመለከት ስማርት በዚህ ከተማ ካሉ ያገለገሉ ትንንሽ መኪኖች ሁሉ ትበልጣለች ብዬ እናገራለሁ። በሮቿ፣ የጎማ መሸፈኛዎቿና የፊትና የኋላ አካሏ ፕላስቲክ ናቸው፤ የአስር ዓመት ጨው አልፎባቸው አንዲት የዝገት ነጥብ አይታይባቸውም። ለገዢው አሳሳች የሚሆነውም ይኸው ነው። ከላይ ያማረው መኪና ከሥሩ እንደማንኛውም መኪና ይዝጋል፤ ሞላዎቹን፣ የፍሬን ቧንቧዎቹን፣ ማርሚታውንና የኋላውን የእግር ማያያዣ ብረት በሊፍት ላይ አንስቶ ሳያዩ መግዛት አይገባም። በየበልጉ ከሥር በውሃ ማስጠብና በየዓመቱ የዝገት መከላከያ ዘይት ማስረጨት ዕድሜዋን ያረዝማል።

ከሌሎቹ ጋር ሳወዳድራት፣ በካናዳ ከ2014 እስከ 2019 የተሸጠችው ኒሳን ማይክራ ለአብዛኛው ሰው የተሻለች የበረዶ መኪና ናት። 109 የፈረስ ጉልበት ያለው 1.6 ሊትር ሞተር፣ አምስት መቀመጫና ጎማ ቤት ሁሉ የሚገኝ ልክ አላት፤ አዲስ ሳለች መነሻ ዋጋዋ 9,998 ዶላር ነበር። ፊያት 500ም በፊት ጎማ የምትነዳ፣ በበረዶ ላይ የተረጋጋች መኪና ናት። ሚትሱቢሺ ሚራዥ ጎማዋ ጠባብና ርካሽ በመሆኑ በላቆጠ በረዶ ላይ ጥሩ ብትሄድም በሀይዌይ ላይ ጉልበት ያጥራታል። ገናና ጥምቀት ብርዱ በሚበረታበት በጃንዋሪ እንደሚውሉ ለምናውቅ፣ ልጆችና አያት ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሌሊት መሄድ ላለበት ቤተሰብ ስማርት ብቸኛ መኪና ልትሆን አትችልም፤ ይህን የሚወስነው በረዶው ሳይሆን ወንበሩ ነው። በኋላ የመጣችው የኤሌክትሪክ ስማርት ደግሞ 17.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ብቻ ስላላት በአሜሪካ መለኪያ እንኳን አንዴ ተሞልታ የምትሄደው 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማሞቂያው ከዚሁ ባትሪ ስለሚወስድ በብርድ ቀን ይህ በእጅጉ ያንሳል። ቤቱ ወይም ጋራዡ ውስጥ የሚሞላበት ቦታ ለሌለው ሰው አልመክራትም። ስማርት በ2019 ከካናዳና ከአሜሪካ ገበያ ስለወጣች አዲስ መግዛት አይቻልም፤ በዚህ አገር ሲሸጧት የነበሩት የመርሴዲስ ነጋዴዎች ስለነበሩ ዕቃና ጥገና የሚጠየቀው እነሱ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ሥራው ከተማ ውስጥ የሆነ፣ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር የሚሄድ፣ መንገዱ በቶሎ በሚጠረግ ሰፈር የሚኖርና ለአራት የበረዶ ጎማ የሚሆን ገንዘብ ከመግዣው ዋጋ ጋር አብሮ የሚያስብ ሰው ያለ ስጋት ይግዛት። በየማለዳው ሀይዌይ 400ን ይዞ ወደ ባሪ ወይም 401ን ይዞ ወደ ኪችነር መሄድ ያለበት ሰው፣ ወይም ቤቱ ረጅም ያልተጠረገ መግቢያ ያለው ሰው ይተዋት። ለመግዛት ሲሄዱ ባለቤቱ የበረዶ ጎማ አብሮ እንደሚሰጥ መጠየቅ ዋጋውን በብዙ ይለውጠዋል፤ ሲሰጥም በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። ጥርሱ ገና ሙሉ ቢመስልም ከአስር ዓመት በላይ የሆነው ላስቲክ ስለሚደርቅ በብርድ አይታዘዝም፤ እንዲህ ያለውን ስብስብ ከዋጋው ላይ ቀንሰው አዲስ ይግዙ።